የጭራው መኪና

ኣፅብሃን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ጠባዩን ያውቃል፤ ጠዋት ፊቱን ከመታጠቡ በፊት የመኪናውን ስፖኪዮ ያጥባል። ባለቤቱ ሃረገወይን በዚህ ነገር ስትቀልድበት ኖራለች። «ከእኔ ፊት ይልቅ መስታወቱን ነው የምታየው» ትለዋለች። «አንቺ የትም አትሄጂም፤ ከኋላዬ ያለው መኪና ግን ይጠፋል» ይላታል። ይህን ሲባባሉ ልጅ አድርሰዋል። መልሱን ታውቀዋለች፤ የምትጠይቀውም እንዲመልስላት ነው።

ኣፅብሃ ወልድያ ተወልዶ ወልድያ የሸመገለ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። አባቱ በወጣትነቱ ከትግራይ ጨው ይዞ መጥቶ፣ ገበያው ተስማምቶት፣ ልመለስ ልመለስ ሲል እዚያው የቀረ ነጋዴ ነበር። ልጁ ትግርኛ ይናገር የነበረው እናቱ ፊት ብቻ ሲሆን፣ እሷም በሰማችው ቁጥር እስክታለቅስ ትስቅበት ነበር። አማርኛው ግን የወሎ ነው፤ ቃሉን ጎተት ያደርገውና መጨረሻው ላይ እንደ ዜማ ይለቀዋል። ታዲያ ኬላ ላይ ዜማ የሚሰማ የለም። ኬላ ላይ የሚነበበው መንጃ ፈቃድ ነው፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው ደግሞ የትግርኛ ስሙ ነው።

ጦርነቱ ወልድያ የደረሰ ጊዜ፣ ከተማዋን የያዙት ታጣቂዎች «አንተ የእኛ ልጅ ነህ፣ መኪናህን አምጣ» አሉት። የነዳጅ ፖምፓውን ፈትቶ ጓሮ ቀበረና ሞተሩ ሞቷል አላቸው። ዱላ ቀምሷል፤ ስለዚያ አያወራም። እነዚያ ለቀው ሲወጡ ደግሞ ሌሎች መጡና «አንተ የእነሱ ልጅ ነህ፣ ውረድ» ይሉት ጀመር። የማን ልጅ እንደሆነ እሱን ራሱን የጠየቀ ከሁለቱም ወገን አልተገኘም። ይህ ነገር አንጀቱን ይበላው ነበር።

እሱና ባልደረቦቹ ለአንድ የጭነት ድርጅት ነው የሚሠሩት። ከኮምቦልቻ መጋዘን የእርዳታ ስንዴ ጭነው፣ በደሴና በውርጌሳ አልፈው፣ መርሳን አቋርጠው ወልድያ ያደርሳሉ። ስልኩ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ሳምንት ይሞታል። ስለዚህ በሰልፍ ነው የሚሄዱት፤ ሰልፉም የራሱ ሕግ አለው። እያንዳንዱ ሹፌር ከኋላው ያለውን መኪና በስፖኪዮው ይጠብቃል። ኩርባ አልፎ የኋላው ካልታየው ዳር ይይዛል። እሱ ሲቆም ከፊቱ ያለው ያየዋል፣ እሱም ይቆማል፤ እንዲህ እያለ ማንም ለማንም አንድ ቃል ሳይናገር ሰልፉ እስከ መሪው ድረስ ይቆማል። የሚጠብቀው ሰው የሌለው የመጨረሻው መኪና ብቻ ነው፤ እሱን ጭራ ይሉታል።

ኣፅብሃ ኬላ ላይ በተያዘ ቁጥር ይህን ሕግ በእጁ ነበር የሚያፈርሰው። ገና መንጃ ፈቃዱን ሲቀበሉት በመስኮት ክንዱን አውጥቶ ለጓደኞቹ «ሂዱ፣ ሂዱ» እያለ ያውለበልባል። ስንዴ የሚጠብቅ ሕዝብ አለ፣ ለእኔ ብሎ ማንም አይዋል ባይ ነው። እነሱም እሱ ካለ ብለው ይሄዱለታል። ከዚያ የኬላው ኃላፊ እስኪመጣ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ኃላፊው ሲመጣ «የሚያውቅህ ሰው አለ?» ይለዋል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አለ፣ ግን ሄዷል።» አንዴ እዚያው ያድራል፣ ሌላ ጊዜ ሲመሽ ይለቁታል። ድርጅቱ ደግሞ በዚያ ቀን ከሥራ ቀርቷል ብሎ ይይዝበታል።

በየካቲት አብዱልሐሊም የሚባል ባልደረባቸው ጎማ ሊቀይር ከአስፋልቱ ወረድ ሲል ሳይፈነዳ የቀረ ነገር ረግጦ ሞተ። ለሚስቱ ለሀጂራ ከድርጅቱ የደረሳት ስኳርና የማጽናኛ ቃል ነው። ስኳሩን አልነካችውም። ሹፌሮቹ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ጥግ ላይ የተቀመጠውን ስኳር ሲያዩ ዋሉ፤ ማኅበራቸው አዲስ የሥራ ውል ካልተፈረመ ብሎ የተነሳው እንግዲህ ያን ቀን ነው ማለት ይቻላል።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አያሌው ነው፤ ሁልጊዜ ሰልፉን የሚመራ፣ ችኩል፣ ሲናገር ሁለት እጁን መሪ እንደያዘ ሰው የሚያወናጭፍ። ድርጅቱ ዘንድ ይዞት የገባው ጥያቄ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ መንገድ ላይ ለሚሞት ሹፌር ቤተሰብ መተዳደሪያ ይሰጥ። ሁለተኛው፣ ኬላ ላይ የተያዘ ሹፌር ከሥራ እንደቀረ አይቆጠር። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ጨዋ ሰው ናቸው። ችግራቸውም ጨዋነታቸው ነው፤ ከልክለውህ እንኳ አመስግነህ ትወጣለህ። ከብዙ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ በኋላ የመጀመሪያውን እሺ አሉ። ሁለተኛውን ግን አልተቀበሉም። «ኬላ የጸጥታ ጉዳይ ነው፣ እኛ እጃችንን አናስገባም» አሉ። በወር ሦስት ጊዜ የቀረ ሹፌር ይሰናበታል የሚለው ደንብም እንዳለ ቀረ። ከሹፌሮቹ ሁሉ ኬላ የሚያዘው ኣፅብሃ ብቻ ነበር፤ የወሩን ሁለት ጊዜ ደግሞ ጨርሷል።

ወሩ ሚያዝያ ነበር፤ ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው አገሩ ሁሉ ጾመኛ ሆኗል። ሹፌሮቹ መኪናዎቹ ከሚጠገኑበት ግቢ ተሰበሰቡ። እንደ ወሎ ወግ ስብሰባው በምርቃት ተከፈተና እስላሙም ክርስቲያኑም መዳፉን ዘርግቶ አሚን አለ። ከዚያ አያሌው ነገሩን አስረዳ፤ ወይ ሁለተኛውን ጥያቄ ትተን እንፈርማለን፣ ወይ ሥራ አቁመን አድማ እንመታለን።

«እንምታ!» አለ አንዱ። «በዚህ ጊዜ? ስንዴ አቁመን? ሕዝቡ ምን ይለናል?» አለ ሌላው። «የሀጂራስ ልጆች ምን ይብሉ?» አለ ሦስተኛው። ጩኸቱ ቀለጠ። መሀል ላይ ከወጣቶቹ አንዱ «ለአንድ ሰው ብለን…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ።

ኣፅብሃ ተነሳ። «እሱ ጥያቄ ይቅር» አለ። «ለሀጂራ ልጆች የሚሆነውን ፈርሙ። እኔ ኬላውን ለምጄዋለሁ።»

የግቢው ሰው ሁሉ ሲተነፍስ ይሰማ ነበር። ሰው ከጭንቅ ሲወጣ መጀመሪያ ደስ ነው የሚለው፤ ማንን ረግጦ እንደወጣ የሚያየው ቆይቶ ነው። ኣፅብሃም ቢሆን የተናገረው ለሀጂራ አዝኖ ብቻ አልነበረም። ፈርቷል። በጦርነት ጊዜ አድማ ቢመታ ማን አስነሳው መባሉ አይቀርም፤ የማን ስም ቀድሞ እንደሚጠራ ለማወቅ ደግሞ አዋቂ ቤት መሄድ አያስፈልግም። እጅ ይውጣ ሲባል ሁሉም አወጣ። ያላወጣው ሙሄዲን ብቻ ነበር።

ሙሄዲን የግራና ልጅ ነው። ከኣፅብሃ ጋር አንድ መኪና ላይ ረዳት ሆነው ነው የጀመሩት፤ ሲያኮርፍ የሚያፏጭ ሰው ነው። ያን ቀን እያፏጨ ከግቢው ወጣ። ኣፅብሃ በር ላይ ደረሰበት።

«ማን ጠየቀህ?» አለው ሙሄዲን።

«ጉዳዩ የእኔ ነው ብዬ ነዋ።»

«የአንተ ብቻ ማን አደረገው? ከኋላዬ የምትነዳው አንተ አይደለህም እንዴ?» ይህን ብሎ ፉጨቱን ቀጠለ።

ቤቱ ሲገባ ደግሞ የባሰ ጠበቀው። ሃረገወይን ወሬውን ቀድማ ሰምታለች። አልጮኸችም። «አንተ ኬላ ስትያዝ በር በሩን ሳይ የማድረው እኔ ነኝ» አለችው። «ለምጄዋለሁ ስትል እኔን ጠይቀሃል?» ኣፅብሃ ነገሩን የተወው የራሱ ብቻ መስሎት ነበር፤ ለካ የእሷንም አብሮ ትቶታል። ሹሮው ሳይበላ ቀዘቀዘ።

ፊርማው ሹፌሮቹ የሚቀጥለውን ጭነት ወልድያ ባደረሱ ዕለት ከሰዓት በኋላ እንዲሆን ተቀጠረ። ኮምቦልቻ ላይ ስንዴው ተጭኖ፣ ሸራው ታስሮ ሲያልቅ ኣፅብሃ አያሌውን ጭራ አድርገኝ አለው። ጭራ ከሆነ ቢያዝ ከኋላው የሚታገድ የለም። ከፊቱ የሚነዳው ሙሄዲን ስለነበረ ደግሞ ወደ እሱ ሄደ።

«ኬላውን ካለፍክ በኋላ በስፖኪዮ እንዳታየኝ» አለው። «ካላየኸኝ አትቆምም። አንተ ካልቆምክ ማንም አይቆምም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ምን ነክቶሃል?»

«ማልልኝ።»

ሙሄዲን ጾመኛ ነው፤ በጾም አፉ መማል አይወድም። ጓደኛውን ትክ ብሎ አየውና «ወላሂ በስፖኪዮ አላይህም» አለ። ኣፅብሃ ሙሄዲን ምሎ እንደማያፈርስ ስለሚያውቅ ልቡ አረፈ።

ኬላው መርሳ ከመግባታቸው በፊት ነው፤ በሁለት በርሜል መሀል ገመድ ተወጥሮበታል። የፊቶቹ አንድ በአንድ አለፉ። ሙሄዲንም አለፈ። የኣፅብሃን መንጃ ፈቃድ የተቀበለው ጠባቂ ስሙን አነበበ፣ ፊቱን አየ፣ እንደገና ስሙን አነበበ። «ውረድ» አለው። «ኃላፊው ይምጣ።»

ኣፅብሃ መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደ። እጁን ማውለብለብ እንኳ አላስፈለገውም፤ የሙሄዲን መኪና የጭነቱን ጀርባ እያሳየ በአንድ የማንጎ አትክልት አጠገብ ታጠፈና ጠፋ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። እንግዲህ ሦስተኛው ይህ ነው። የፈለገው ሆኖለታል፤ ማንም በእሱ ምክንያት አልቆመም። ታዲያ ለምን ዓይኑን ከኩርባው መንቀል እንዳቃተው ለራሱም አልገባውም። አሁን ይመጣሉ የሚል ነገር ልቡ ውስጥ ተቀምጧል፤ በዚያ ነገር ራሱን ናቀው። እርግፍ አድርጎ ሊተወው ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ።

የእግር ኮቴ ሰምቶ ሲዞር ሙሄዲን አስፋልቱን ይዞ በእግሩ ይመጣል። ጾሙና ፀሐዩ ከንፈሩን አድርቆታል።

«ምን ሆነህ ተመለስክ?» አለው ኣፅብሃ።

«አንተ ምን ሆነህ ቀረህ?»

«ምለህልኝ ነበር እኮ!»

«በስፖኪዮ አላይህም ብዬ ነው የማልኩት፤ አላየሁህም። ሁለቱንም አጥፌአቸዋለሁ፣ ሂድና እይ። ስፖኪዮ ሳያይ የሚነዳ ሹፌር ደግሞ የት አገር አለ? አቆምኩ። ከቆምኩ በኋላ ምን ልሥራ? በእግሬ መጣሁ።» ይህን ብሎ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ሙሄዲን ሲቆም ከፊቱ ያለው አይቶት ቆሟል። የዚያኛውም የፊተኛው እንዲሁ። ጥቂት ቆይቶ ሹፌሮቹ በኩርባው በኩል እየተንጠባጠቡ መምጣት ጀመሩ። በመጨረሻ አያሌው ደረሰ፤ ለፊርማው ብሎ የተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፣ ላቡ ጀርባው ላይ ወርዷል።

«ምንድነው? ብልሽት ነው?»

«ሰው ነው» አለ ሙሄዲን።

አያሌው ኣፅብሃን አየው። ኣፅብሃ ኬላ ላይ እንደሚያዝ ሁሉም ያውቃል፤ በስብሰባ ተነጋግረውበታል፣ እጅ አውጥተውበታል። ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ሲያዩት ግን የመጀመሪያቸው ነው። ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የሆነ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ደጅ እንደሚጠና ሰው አንገቱን ደፍቷል።

«ሁልጊዜ እዚች ላይ ነው የምትቀመጠው?» አለ አያሌው።

«ከሰዓት በኋላ ጥላው ወደዚያ ሲዞር ወደዚያኛዋ እዛወራለሁ» አለ ኣፅብሃ፣ በእጁ ሌላ ድንጋይ እያሳየ።

አያሌው ሰዓቱን አየ። ወደ ወልድያ አቅጣጫ አየ። ከዚያ የተተኮሰ ሸሚዙን እንደለበሰ፣ ጥላው ከሰዓት በኋላ በሚዞርባት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሌሎቹም ተቀመጡ። በስብሰባው ላይ «ለአንድ ሰው ብለን» ብሎ የጀመረው ወጣት ቦታ ስላጣ ከኣፅብሃ እግር ሥር ነው የተቀመጠው።

ጠባቂው ነገሩ አላማረውም። «ምንድነው ይሄ? አድማ ነው?» አለ።

አድማ የምትለዋ ቃል ስትወጣ ኣፅብሃ ከድንጋዩ ሊነሳ ቃጣው። አያሌው ግን አልደነገጠም። «አድማ በስብሰባ ነው የሚወሰነው ወንድሜ» አለው። «እኛ በስብሰባ የወሰንነው ሌላ ነው። አሁን የኋላችንን መኪና እየጠበቅን ነው።»

«ስንዴው ቢዘገይስ?» አለ ኣፅብሃ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሕዝብ ይጠብቃል እኮ፣ አያሌው።»

«አውቃለሁ» አለ አያሌው።

ኃላፊው የመጣው ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነው፤ እንቅልፍ ካየ የሰነበተ የማይመስል ሰው። መንጃ ፈቃዱን ተቀበለና እንደ ልማዱ «የሚያውቅህ ሰው አለ?» አለ። ኣፅብሃ አፉን ሳይከፍት ሹፌሮቹ ሁሉ ሱሪያቸውን እያራገፉ ተነሱ። ኃላፊው አንድ በአንድ አያቸው። መንጃ ፈቃዱን መለሰለትና «ጠዋት ነበር እንዲህ ማለት» አለ፣ ቆጣ ብሎ፤ ቁጣው በማን ላይ እንደሆነ ግን አልለየለትም። ገመዱ ወረደ።

ወልድያ ሲገቡ ሥራ አስኪያጁ ስንዴው ከሚታደልበት የተፈናቃዮች መጠለያ በር ላይ ቆመው አገኟቸው። ውሉን ይዘውታል፤ ፈገግታቸውንም አልረሱትም። አያሌው ከመኪናው ወረደ።

«ዛሬ ሁላችንም ኬላ ላይ ውለናል፤ ሁላችንንም ቀሪ ይበሉን» አለ። «ሦስት ጊዜ ስንቀር ደግሞ ሁላችንንም ያሰናብቱን።»

«አቶ አያሌው፣ ይህንማ ተነጋግረን ጨርሰን…»

«ኣፅብሃ ነው የጨረሰው። እኛ አልጨረስንም። ስንዴውን እናራግፋለን፤ ከዚያ ሁለተኛው ጥያቄ ውሉ ውስጥ እስኪገባ የመኪናዎቹ ቁልፍ እኛ ጋ ይቆያል።»

ያ ጥያቄ በኋላ ውሉ ውስጥ ገባ፤ ኣፅብሃም አልተሰናበተም። የገባውም «እንደ ሁኔታው እየታየ» የምትል ቃል ተለጥፋበት ነው። ክረምቱ ሳይወጣ ጦርነቱ እንደገና አገርሽቶ መንገዱ ስለተዘጋ ብዙም አልሠሩበትም። ይህን የምናነሳው ድል በድል ሆኑ እንዳይባል ነው።

የዚያን ዕለት ግን ስንዴው መውረድ የጀመረው ፀሐይ ገብታ ማግሪብ ሲደርስ ነበር። ሰልፈኛው ደጅ ላይ ውሎ ደክሞታል። ሕፃናት እናቶቻቸው ጀርባ ላይ እንደተንጠለጠሉ ተኝተዋል። ኣፅብሃ ሰው ፊት መውጣት አፍሮ ከመኪናው ጀርባ የሸራውን ገመድ ደጋግሞ ይፈታል፣ ደጋግሞ ያስራል። እማማ ዘይነባ የሚባሉ ከቆቦ የተፈናቀሉ ሴት ሙሄዲንን ያዙት።

«ልጄ፣ ምነው ዛሬ ዋላችሁ? ከጠዋት ጀምሮ በጾም አፋችን ቆመን።»

ሙሄዲን ሳይመልስላቸው ኣፅብሃ ከጀርባ ወጣ።

«በእኔ ምክንያት ነው እማማ። ኬላ ላይ ተይዤ፣ እነሱ ትተውኝ አንሄድም ብለው ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

«ጥለውህ ቢመጡ ቀን ትደርሱ ነበር?»

«እንደርስ ነበር።»

ኣፅብሃ እርግማኑን ጠበቀ፤ ቢረግሙትም አይፈርድባቸውም።

«እኔ ከቆቦ ስወጣ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሽማግሌው ባሌ ከኋላዬ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ሰው ሲሮጥ እሮጣለሁ። አንዴም ዞር ብዬ አላየሁ። ሐራ ደርሼ ብዞር የለም።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «ስንዴስ ቢዘገይም ይመጣል። እንኳን ጠበቁህ የኔ ልጅ። አላህ ከኋላ የሚያይ አያሳጣህ።»

ኣፅብሃ መዳፉን ዘርግቶ አሚን አለ። ሰው እያየው አለቀሰ። ሙሄዲን የማፍጠሪያ ውሃውን ሳይቀምስ ለእማማ ሰጣቸውና ስንዴ ወደ ማውረዱ ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት ኣፅብሃ ፊቱን ሳይታጠብ ስፖኪዮውን ማጠብ ጀመረ። ሃረገወይን እንደ ልማዷ ልትቀልድበት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፊቱን አየችና ተወችው። ጨርቅ ይዛ መጣች፤ የግራውን እሷ አጠበችው።